አምስተኛው ቀበቶ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻና መኪና የሚተዋወቁት ከውጭ ነው። ውሻው በበሩ ሥር አፍንጫውን አሹልኮ ባለፈ ጎማ ሁሉ ላይ ይጮኻል፤ ደፋር ከሆነ እስከ መታጠፊያው ድረስ ያባርራል፤ ባለመኪናውም ጡሩንባውን ነፍቶ ያልፋል። ከዚያ አልፎ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ውሻ ካያችሁ ወይ የኤምባሲ ሰው ውሻ ነው፣ ወይ መርፌ ሊወጋ እየተወሰደ ነው።

የእኛ መቻል ከሁለተኞቹ ወገን ነበር። ስሙን ያወጡለት አማቴ ናቸው። ባለቤቴ «ሮኪ»፣ ልጄ ማክዳ «ስኖው» እያሉ ሲከራከሩ እሳቸው ከኩሽና ብቅ ብለው «መቻል በሉት» አሉና ተመልሰው ገቡ። በአገር ቤት ደንብ የውሻ ስም ለሰው የሚላክ መልእክት ነው፤ ይሄኛው ለማን እንደተላከ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። ማታ ማታ በር ላይ ቆሜ «መቻል! መቻል!» ስል የሚሰሙ የሰፈር ልጆች ግን የእግር ኳስ ክለቡ ደጋፊ አድርገውኛል። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብሎ ነው የተሰጠን፤ እናቱ የሰፈር ናት። የሁለቱ ክርክር ጆሮው ላይ አልተቋጨም፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ወድቋል። ሐኪም ዘንድ ሲመዘን 28 ኪሎ ሆኗል።

ከገና በፊት አማቴ ሐዋሳ ያሉትን እህታቸውን ሊጠይቁ ተነሡ። እኛም በዚያው አየር እንቀይር ተባለ። ግቢውን የሚጠብቅልን ልጅ አገሩ ገብቷል፤ ጠባቂውን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። መቻል አብሮን ይሂድ የሚለው ሐሳብ ከማክዳ መጣ። መኪናችን ቪትዝ ናት፤ አምስት መቀመጫ፣ አምስት ቀበቶ። እኛ አራት ነን። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ አማቴ ግን ሒሳብ አልጠየቁም።

«ሰው ታክሲ አጥቶ ሰልፍ ላይ ተገትሮ ያመሻል፣ እናንተ ውሻ ታንፈላስሳላችሁ!»

መልስ የለውም። ማታ ሜክሲኮ ላይ በሚጠማዘዘው ሰልፍ አጠገብ ውሻ ጭኖ ለማለፍ ዓይን አውጣ መሆን ያስፈልጋል። በፍትሕ እንደማላሸንፋቸው ሳውቅ በመጽሐፍ መጣሁባቸው። አማቴ ጳጉሜን 3 የሩፋኤልን ጠበል ሳይጠመቁ ዓመት አይለውጡም።

«እማማ፣ መጽሐፈ ጦቢትን ያውቁት የለ? ጦብያ የአባቱን ብር ሊያመጣ ወደ ሜዶን አገር ሲሄድ መንገድ የመራው ሩፋኤል ነው። ውሻውም አብሯቸው ሄዷል፤ ተጽፏል። መልአኩ ያልተጸየፈውን እኛ ማን ነን?»

አማቴ ትንሽ አሰቡ። «በእግሩ ነው የሄደው» አሉ።

በርግጥ ተንፈላስሶ የሄደም አልጠፋም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ ሉሉ ከንጉሠ ነገሥቱ እግር ሥር አትጠፋም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ካናዳ ድረስ አብራቸው ተጉዛለች። ለቪዛ ስትሰለፍ ያያት የለም። ከሁሉም ሩቅ የሄደችው ግን ላይካ ናት፤ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1957 በስፑትኒክ 2 ወደ ሕዋ ያመጠቋት። እኛ ሰፈር ብቻ ስንት ውሻ ስሟን ወርሷል። ላይካ በደንብ ታስራ ነበር፤ ዞር ማለት እንኳ አትችልም። የገደላት ሙቀት ነው፤ በመጠቀች በሰዓታት ውስጥ። ይህም የተነገረው ከ45 ዓመት በኋላ ነው። የላይካን ነገር ያዙልኝ፤ ባቱ ስንደርስ እፈልገዋለሁ።

የቤቱን ክርክር የፈታው ከፍራንክፈርት የመጣ ሻንጣ ነው። የባለቤቴ እህት ሰው ባገኘች ቁጥር የምትልከው ሻንጣ ሲከፈት ቸኮሌት፣ ሽቶ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ከሥር ደግሞ ደረቱ ሰፊ፣ ዘለበቱ ወፍራም፣ ጥቁር ማሰሪያ ወጣ። አማቴ ለወገባቸው የተላከ መስሏቸው ለክተውታል። «ደረቴ ላይ ትንሽ ያዝ አደረገኝ እንጂ መልካም ነው» ብለው ልጃቸውን ሊመርቁ ሲደውሉ ነው የማን እንደሆነ የተነገራቸው።

እሷ ባለችበት አገር ሕጉ መኪና ውስጥ ያለን ውሻ የሚያየው እንደ ጭነት ነው። ጭነት ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ከቦታው እንዳይነቃነቅ መታሰር አለበት፤ ሳይታሰር ከተገኘ አሽከርካሪው ይቀጣል። ማክዳ ውሻዋን ጭነት ያለችባትን አክስቷን እስካሁን ይቅር አላለቻትም። እኔ ግን በዚህ ከጀርመኖቹ ጋር ነኝ። ውሻ ወዳድ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ውሻውን መልቀቅ ነው፦ ይመቸው፣ እንደ ልቡ ይሁን፣ ጭኔ ላይ ይተኛ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ንፋስ ይቀበል። የሚጎዳው ይኸው ፍቅር ነው። ጭነት ነው ያለው ሰው ቢያንስ ያስረዋል።

ነገሩን ለአማቴ በፎቅ አስረዳኋቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ሲቆም፣ ውስጡ ያልታሰረ ሁሉ በዚያው በ50 መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በሉት፣ ወድቆ መሬት ከመምታት እኩል ነው። ፍጥነቱ 100 ሲገባ ከፍታው አራት እጥፍ ይሆናል፤ 40 ሜትር ገደማ።

«እንግዲህ እማማ፣ እርስዎ ጋቢና ነዎት። መቻል የሚቀመጠው ከኋላዎ ነው። 28 ኪሎ ውሻ ከአሥራ ሦስተኛ ፎቅ ማጅራትዎ ላይ...»

«ይታሰር!» አሉ።

ማክዳ ጋቢናውን ለመቻል አስባ ነበር። እዚያ ኤርባግ አለ፤ ሲፈነዳ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው የሚወጣው፤ የተለካውም ለአዋቂ ሰው ደረት ነው። የአንገቱን ሰንሰለት ከመኪናው ቀበቶ ጋር የሚያያይዝ ሰውም አይቻለሁ፤ ያ ማሰር አይባልም፣ መስቀል ነው። ማሰሪያው ደረቱን ማቀፍ አለበት፤ ገመዱም ተቀምጦ ለመተኛት የሚበቃ፣ ወደ ፊት ለመሻገር የማይበቃ ይሁን። መቻልም ከመኪናዋ ጋር መታረቅ ነበረበት። መኪና ማለት መርፌ ነው ብሎ ያምናል፤ በወረደ ቁጥር የሚቀበለው ነጭ ጋውን ስለነበር አልፈረድኩበትም። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ወንበሩ ላይ ቁርሱን በላ። ሌላ ቀን ሞተሩ ተነሣ። ሌላ ቀን እስከ ሱቁ ሄዶ ተመለሰ። እዚህ ላይ የሰፈሩ ሰው ስለ እኔ ጤንነት ባለቤቴን መጠየቅ ጀመረ።

በመነሻችን ንጋት አማቴ ሥራቸውን ሠሩ። «መንገደኛ በባዶ ሆዱ አይሸኝም» ብለው፣ እኛ ሻንጣ ስንጭን፣ ለመቻል ዳቦ በሽሮ ፈትፍተው አበሉት። ውሻ መብላት ያለበት ከመነሣቱ ሦስት አራት ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ ያውም ትንሽ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ። ከሰዓቱ ይልቅ የከነከነኝ ግን ሽሮው ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ቢቁላሉም ያው ናቸው። ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ካለ ንገሩኝ። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ይሆኑበታል፤ የዶሮ አጥንት ከበሰለ በኋላ ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል። ይህን ሁሉ ስደረድርላቸው አማቴ የአገሩን ውሻ ሁሉ ምስክር ጠሩ፤ «ይሄ ሁሉ ውሻ ፍርፋሪ በወጥ በልቶ አይደለም ያደገ?» አሉ። ያደገውን ያያሉ፤ ያላደገውን ማን ቆጥሮት?

ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ፣ መቻል የትኬት ቤቷን አየ። ጠባብ ናት፣ መስኮት አላት፣ ውስጧ ሰው ተቀምጧል፤ በእሱ ዓይን የዘበኛ ቤት ናት። ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸባት። ትኬት የምትሰጠው ልጅ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ነገሩን ላለዝብ ብዬ «ለእሱም ይከፈላል እንዴ?» ብላት፣ «የሚከፈለው በመኪናው ነው፤ ውስጡ ያለው የእናንተ ጣጣ ነው» ብላ ትኬቱን በጣቶቿ ጫፍ አቀበለችኝ።

ብዙም ሳንሄድ ማዛጋት ጀመረ። መኪና ውስጥ ያዛጋ ውሻ እንቅልፉ የመጣ ይመስላል፤ ወሬው ግን የሆድ ነው። ቀጥሎ ከንፈሩን ላሰ፤ ደግሞ ላሰ። ከዚያ ከታችኛው ከንፈሩ ጥግ አንድ የለሃጭ ክር ወረደ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ መኪናዋ መስመር በቀየረች ቁጥር ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ፣ የማይበጠስ። ማክዳ ትንፋሿን ይዛ ታየዋለች። ክሩ እየረዘመ እየረዘመ፣ በወንበሩ ጎን በኩል ወደ ኋላ የተንጠለጠለው የአማቴ ነጠላ ጥለት ላይ ሊያርፍ ስንዝር ሲቀረው ባለቤቴ በሶፍት ቀለበችው። አማቴ ፊት ለፊት እያዩ ስለ መንገዱ ስፋት እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ።

የፍጥነት መንገድ ላይ አንዴ ልውረድ ብሎ ማቆም የለም። ሽሮው ቢሾፍቱ መውጫ ልንደርስ ስንል፣ ለዚሁ ጉዳይ በተነጠፈው ላስቲክ ላይ፣ ወጣ። አማቴ ዞር ብለው አዩት። ሽንኩርቱንም ሰዓቱንም ሳያነሡ «ተገላገለ» አሉ።

ሰውም ሆነ ውሻ መኪና የሚያመው በአንድ ምክንያት ነው፤ ዓይን ቆመናል ሲል የውስጥ ጆሮ እየሄድን ነው ይላል፣ ሆድ መሐል ቤት ይጨነቃል። ቡችሎች ላይ ይብሳል፤ ሲያድጉ የሚተዋቸው ብዙ ናቸው፤ ለማይተዋቸው የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ። መቻልን የጠቀመው ቀዝቃዛ አየር ነው። መስኮቱ አራት ጣት ያህል ተከፈተለት፤ አፍንጫ ይወጣበታል፣ ራስ አይወጣበትም። አንገቱን አውጥቶ ጆሮው የሚውለበለብ ውሻ ፎቶ ላይ ያምራል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ለሚመጣ አሸዋ ግን የዓይን ቆብ ምንም አይደለም። ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ ሲመጣ እኛ መስኮታችንን ዘጋን። እሱ አፍንጫውን በአራት ጣቷ ክፍተት ሰክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሕይወቱን ምርጥ አየር ሳበ። ከዚያ በኋላ አላስታወከውም።

ባቱ ለምሳ ስንቆም ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ «መኪና ልጠብቅ?» አለና በመስኮቱ መቻልን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ «ራሱ ይጠብቃል እኮ!» ጠባቂ ይዤ መጥቼ እንጀራውን ስለዘጋሁበት የልጁን ሒሳብ ከፈልኩ።

አሁን ላይካን አምጡልኝ። ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ነው፤ ያም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ራሱ ከጋለ ማለክለኩ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት ለክቶ ነበር። ውጭው 22 ዲግሪ በሆነ ደስ የሚል ቀን እንኳ ውስጡ አደገኛ ይሆናል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 22 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ከጭማሪው 80 ከመቶው የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት ገርበብ ማድረጉም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ግማሽ ሰዓት ማለት ደግሞ እኛ በገባንበት ምግብ ቤት አስተናጋጇ ሜኑውን ከማምጣቷ በፊት ነው። ጎረቤቴ የገዛው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቆሞም ኤሲው ይሠራል፤ ቪትዝ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የላትም።

ስለዚህ በተራ በላን። አንዳችን ከመቻል ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ስንቀመጥ ሌሎቹ ገቡ። ከመኪናው ሳናወርደው በእጄ ጀርባ አስፋልቱን ነካሁ፤ ሰው ሰባት ሰከንድ ያልቻለውን አስፋልት መዳፍ አይችለውም፤ እኔ ሦስት ላይ እጄን አነሣሁ፣ በሣሩ በኩል ዞርን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ማዕዱ ላይ ተነሥቶ አማቴ በአንድ ቃል ዘጉት። መቻል ጾም ስለሌለበት እሾሁ ተለቅሞ፣ ያለ ቅመም፣ ደረሰው። ሲያለከልክ የቆየውን አማቴ ሳል ይዞታል ብለው ነበር፤ ላቡ ነው ስላቸው ወደ ዛፉ ሄደው በመሐረባቸው ያራግቡለት ጀመር። ምንም አላልኩም።

ከባቱ ወዲያ የፍጥነት መንገዱ አበቃ፤ ከብቱ፣ ፍየሉ፣ የአህያ ጋሪው ጀመረ። መቻል አንዱንም ሳይሳደብ አላለፈም። ቪትዝ ውስጥ የሚጮኽ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ ጆሮው ሥር የተቀመጠችው ባለቤቴ ትንገራችሁ። መፍትሔው የአማቴ ነው፤ ነጠላቸውን አውልቀው «ይኼን ጋርዱበት፣ ያላየውን አይጮኽም» አሉ። ነጠላው መስኮቱ ላይ ተወጠረ፤ ፀሐዩም ቀረ፣ ጩኸቱም ቀረ። ሻሸመኔን ተኝቶ አለፋት፤ ያ ሁሉ ባጃጅ እየጮኸ! ለሃጭ ያልነካው ነጠላ በፈቃድ የውሻ መጋረጃ ሆነ።

ሐዋሳ ላይ አስቀድመን ደውለን «ውሻ ይዘን ነው የምንመጣው» ማለታችን በጀን። የሆቴሉ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ የጠየቀን አንድ ነገር ነው፤ «ተከትቧል?» የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ አያስቀይምም። ካርዱን ሰጠሁት፤ ከስሜ ይልቅ ቀኑን ነው ያነበበው። መጀመሪያ የተከተበ ውሻ ክትባቱ እስኪይዝለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ በመነሻ ዋዜማ የተገኘ ካርድ ብዙም ዋጋ የለውም። አሞራ ገደል ስንወስደው ማሰሪያውን አጠበቅኩ፤ መንጠቆና የዓሣ እሾህ የማይረገጥበት ቦታ የለም። ይጮኻል ብዬ የፈራሁት ውሻ ግን ከአባ ኮዳ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ያ ራሰ በራ ወፍ ቁመቱ ከማክዳ ትከሻ ይደርሳል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ መቻልን ከላይ እስከ ታች ገመገመው። የሰፈራችን አስፈሪ ወዲያው ከእግሬ ኋላ ገባና ወደ መኪናው ሳበኝ። በሩን ስከፍትለት ሳይታዘዝ ዘሎ ገብቶ፣ እሰሩኝ በሚል አኳኋን ደረቱን ሰጠ።

ስንመለስ አርሲ ነገሌ ገበያው ቆሞ ነበር። አማቴ ለገና ሁለት ዶሮ ገዙ፤ አንዷ ገብስማ፣ አንዷ ቀይ። እግራቸው በሲባጎ ታስሮ ጋቢና፣ እሳቸው እግር ሥር ተቀመጡ። መቻል እስከዚያ ድረስ አርፎ የሚጓዝ ውሻ ሆኖ ነበር፤ አሁን አፍንጫው ሥራ አገኘ። ገመዱ ግን አጭር ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ እየተነፈሰ አማቴን ማጅራታቸው ላይ ያሞቃቸው ጀመር።

አማቴ ቀበቶ አያስሩም። ሆዴን ይይዘኛል ይላሉ፤ ትራፊክ ሲያዩ ከጎን ስበው በእጃቸው ደረታቸው ላይ ይይዙታል፤ ትራፊኩ ሲያልፍ ይለቁታል። ስለ አሥራ ሦስተኛው ፎቅ ደግሜ ብነግራቸውም «እሱ ለውሻው ነው» አሉኝ። ከከተማው ወጣ ብለን ትራፊክ አስቆመን። አማቴ እንደ ልማዳቸው ቀበቶውን ስበው ያዙ። ወጣት ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ጎንበስ ብሎ ቃኘን፤ ማክዳን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ መቻል ላይ ቆመ።

«ስንት ናችሁ?»

«አራት» አልኩ።

«እኔ አምስት ቆጠርኩ። ትርፍ ነው?»

«ታስሯል» አለች ማክዳ ዘለበቱን እያሳየች። ትራፊኩ ዘለበቱን በጣቱ ሞከረው፤ ደስ አለው። ወዲያው ገብስማዋ ዶሮ ተንፈራገጠች። አማቴ ሊይዟት ጎንበስ ሲሉ ቀበቶው ከእጃቸው ሾልኮ ሽው ብሎ ወደ ቤቱ ተጠቀለለ።

ዝም ተባለ። ትራፊኩ ወደ ጋቢናው ዞረ።

«እናቴ፣ ውሻው ታስሯል፣ ዶሮዎቹም ታስረዋል። እርስዎስ?»

«እኔ ጭነት ነኝ እንዴ?» አሉ።

ትራፊኩ ከልቡ ሳቀ። እየሳቀ ክሱን ጻፈልኝ።